ከክርስትናው በፊት

አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረታ የወጡት አስተማሪ ወይዘሮ ዘርትሁን ልጃቸውን ቤዛዊትን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ሰንብተዋል፣ ቤዛዊት መውለጃዋ ደርሷል፣ የሒሳብ ባለሙያነት የመጨረሻ ፈተናዋ ደግሞ የሕፃኑ ክርስትና ሳይደርስ አዲስ አበባ ይሰጣል።

ቤዛዊት፦ እሺ ብቻ በይኝ እማ። ጠዋት ሄጄ ከሰዓት እመለሳለሁ።

ዘርትሁን፦ አራስ ክርስትና ሳታስነሳ አገር አቋርጣ ስትሄድ የት አይተሻል?

ቤዛዊት፦ የትም አላየሁም። ፈተናውን እዚህ ቢሰጡልኝ እኔም አልሄድም ነበር።

ዘርትሁን፦ ይለፍሽ። የሚቀጥለውን ትፈተኛለሽ።

ቤዛዊት፦ የሚቀጥል የለም፣ የተሰጠኝ ዓመት እንደሚያልቅ ነግሬሻለሁ። ይሄ ካመለጠኝ እስከ ዛሬ ያለፍኳቸው በሙሉ ይቃጠላሉ። እንደገና ከአንድ ልጀምር ነው፣ ያውም ልጅ አዝዬ።

ዘርትሁን፦ ያወቅሽውን ማን ያቃጥልብሻል?

ቤዛዊት፦ እውቀቱን ማን ጠየቀኝ? መሥሪያ ቤት የሚያዩት ወረቀቱን ነው። የክፍል ኃላፊነቱን ቦታ «አንቺ እስክትጨርሺ» ብለው ባዶውን አቆይተውልኛል። ከዚህ በላይ አያቆዩም።

ዘርትሁን፦ መንገዱ ወንዝ አለበት።

ቤዛዊት፦ የምን ወንዝ?

ዘርትሁን፦ ሞጆ።

ቤዛዊት፦ ሞጆም ወንዝ ሆኖ?

ዘርትሁን፦ ውሃ ከሄደበት ወንዝ ነው። አራስ ወንዝ አትሻገርም።

ቤዛዊት፦ ዕድሜሽን ሙሉ ሳይንስ ስታስተምሪ የኖርሽ ሴትዮ እኮ ነሽ።

ዘርትሁን፦ ያስተማርኳቸው ልጆች አራስ አልነበሩም። ባልሽስ ምን አለ?

ቤዛዊት፦ ናሁሠናይ? «እናትሽ ካሉ» አለ።

ዘርትሁን፦ ብልጥ ነው። አንድ ነገር ብትሆኚ በእኔ፣ ደህና ብትመለሺ በእሱ።

ቤዛዊት፦ እሱ ይነዳል። አንቺ ኋላ ወንበር ላይ ሕፃኑን ይዘሽ ትቀመጫለሽ። እኔ አጥብቼ እገባለሁ፣ እንደወጣሁ አጠባለሁ።

ዘርትሁን፦ መሀል ላይ ቢያለቅስስ?

ቤዛዊት፦ አልቤ በጡጦ አስቀምጥልሻለሁ።

ዘርትሁን፦ አልበሽ? ስለ ላም ነው የምታወሪው?

ቤዛዊት፦ አሁን እንደዚያ ነው የሚደረገው፤ ሐኪሟም ፈቅዳለች። አትሳቂ እማ፣ የምሬን ነው።

ዘርትሁን፦ አልሳቅኩም። አስናቀች ትዝ ብላኝ ነው።

ቤዛዊት፦ እባክሽ የአክስቴን ነገር አሁን አታንሺብኝ።

ዘርትሁን፦ እኔ አላነሣኋትም፣ ራሷ መጣች። አራስ ሆና የጎረቤት ለቅሶ ልድረስ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሳምንቱ ለቅሶ የተቀመጥነው ለእሷ ነበር።

ቤዛዊት፦ ያኔ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነበር። ትኩሳቷን ያየላትም አልነበረም።

ዘርትሁን፦ አውቃለሁ። ማወቄ ፍርሃቴን አልቀነሰልኝም። በይ እንግዲህ፣ መቼ ልታጠኚ ነው? ቀን ትተኛለሽ፣ ማታ ትገላበጫለሽ።

ቤዛዊት፦ ሁሉንም አስቤዋለሁ። አሁን እስክወልድ ድረስ ታክሱንና ኦዲቱን እከልሳለሁ። እነሱ በእጄ ናቸው፣ ቶሎ ይሄዱልኛል። ቀመሮቹን በራሴ ድምፅ ስልኬ ላይ እቀዳና ስተኛ እሰማቸዋለሁ።

ዘርትሁን፦ ሕፃኑም አብሮሽ ይሰማ። እሹሩሩን ትቶ ስለ ታክስ እየሰማ ይደግ።

ቤዛዊት፦ አገሩ እንደሆነ ታክስ አይቀርለትም። ከዚያ ስወልድ፣ አንቺ ሕፃኑን ስታጥቢና ስታስተኚ፣ እኔ የተጠቃለለውን ሒሳብ እይዛለሁ።

ዘርትሁን፦ እሱ ምንድን ነው ደግሞ?

ቤዛዊት፦ እናት ኩባንያ አለች እንበል። ሥሯ ልጆች ኩባንያዎች አሉ። የሁሉንም ሒሳብ ከራሷ ጋር ጠቅልላ እንደ አንድ ቤት አድርጋ ታቀርባለች።

ዘርትሁን፦ አንዷ ልጅ ብትከስርስ?

ቤዛዊት፦ ኪሳራውም ይጠቀለላል።

ዘርትሁን፦ ታዲያ ይህን የማታውቅ እናት አለች? ከባድ ነው?

ቤዛዊት፦ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ ይሸጣሉ፣ ይበዳደራሉ፣ መሀል ዓመት ላይ ይገዛዛሉ። አንድ ቦታ ከሳትሽ እስከ መጨረሻው አይገጥምልሽም።

ዘርትሁን፦ ባለፈው የጣለሽ የትኛው ነበር?

ቤዛዊት፦ እ?

ዘርትሁን፦ የወደቅሽበት። የትኛው ጥያቄ ነው የጣለሽ?

ቤዛዊት፦ እሱው ነው።

ዘርትሁን፦ ከዚያ በፊትስ በወደቅሽ ጊዜ?

ቤዛዊት፦ እሱው። ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ?

ዘርትሁን፦ የምታውቂውን ለአሁን፣ የሚጥልሽን ለአራስ ቤት። ይህን ዕቅድ ያወጣሽው አንቺ ነሽ?

ቤዛዊት፦ ቀላሉን ልጨርስና በሙሉ ልቤ...

ዘርትሁን፦ በየትኛው ልብሽ? ጡትሽ አብጦ፣ ወገብሽ ተቆርጦ፣ እንቅልፍ ዓይንሽን እየከደነው? አሁን ሙሉ ቀን በእጅሽ ነው፤ አንቺ ግን የምታውቂውን ትከልሻለሽ። ቤዛ፣ ስንት ዓመት ፈተና ተቆጣጥሬያለሁ። ገና ወረቀቱ ሳይታደል ሽንት ቤት ልሂድ የሚል ልጅ ከዓይኑ ያስታውቃል።

ቤዛዊት፦ ምን ማለትሽ ነው?

ዘርትሁን፦ ልትፈተኚ አላሰብሽም።

ቤዛዊት፦ ታዲያ ለምን እለምንሻለሁ? ከጠዋት ጀምሮ እግርሽ ሥር ነኝ እኮ።

ዘርትሁን፦ እሱ ነው የከነከነኝ። ሌላ ጊዜ ነገር ስትፈልጊ አትለምኚኝም፣ አድርገሽው ነው የምትነግሪኝ። ናሁሠናይን ስታገቢ እንኳ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ነው የሰማሁት። ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው ፈቃዴን የፈለግሽው?

ቤዛዊት፦ ምንም አልነካኝ።

ዘርትሁን፦ ንገሪኝ እንጂ።

ቤዛዊት፦ ሌሊት ሌሊት የፈተናውን አዳራሽ አየዋለሁ። ሰው ሁሉ አጎንብሶ ይሠራል። እኔ ጥያቄውን አነበዋለሁ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም አይሆንልኝም። ከዚያ እነቃለሁ፤ ስነቃ ሕፃኑ ይራገጣል።

ዘርትሁን፦ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?

ቤዛዊት፦ ምን ብዬ? ሁለት ጊዜ ስወድቅ «ሥራ በዝቶባት ነው» አልሽልኝ። ለጎረቤትም፣ ለዘመድም። ሦስተኛውን ምን ትያቸዋለሽ?

ዘርትሁን፦ «እናቷ አትሂጂ ብላት ቀረች» እንድል ነው የፈለግሽው።

ቤዛዊት፦ ብትይስ? ማንም አይፈርድብሽም። አራስ ነኝ። «እናቷ እውነቷን ነው» ነው የሚሉት። ከልክዪኝ እማ። አንዴ አትሄጂም በይኝና ልረፍ።

ዘርትሁን፦ ፈሪ ለእናቱ ይላሉ።

ቤዛዊት፦ እውነታቸውን ነው። አትሂጂ በይኝ።

ዘርትሁን፦ ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ምላሴ ላይ ያለው እሱ ነው። አትሂጂ ብል እኔም ዛሬ እተኛለሁ። የአስናቀች ነጠላም ከዓይኔ ይጠፋል።

ቤዛዊት፦ በይዋ እንግዲህ።

ዘርትሁን፦ አልልም።

ቤዛዊት፦ እማ።

ዘርትሁን፦ ሐኪሟ የማይሆን ካለች በሩ ላይ ተጋድሜ እከለክልሻለሁ፣ ያኔ የእኔ ነው። ይህ ግን የእኔ አይደለም። ዛሬ ከከለከልኩሽ፣ ያን የኃላፊነት ወንበር ሌላ ሰው የተቀመጠበት ዕለት፣ ይህን ልጅ ታቅፈሽ ምን ብለሽ ታይዋለሽ? እኔንስ?

ቤዛዊት፦ ወድቄ ብወጣስ? ከአዳራሹ ስወጣ ፊቴን አይተሽ ታውቂዋለሽ።

ዘርትሁን፦ አውቀዋለሁ። ሕፃኑን አቀብልሽና ታጠቢዋለሽ። እሱ ማለፍሽን አይጠይቅሽም።

ቤዛዊት፦ ሰዎቹስ?

ዘርትሁን፦ ሰዎቹን «ወደቀች» እላቸዋለሁ። በዚሁ አፌ። ሥራ በዝቶባት አልልም።

ቤዛዊት፦ የተጠቃለለውን ሒሳብ ምዕራፍ አንድ ገጽ አነብና እዘጋዋለሁ።

ዘርትሁን፦ አውቃለሁ። ታክሱን ዝጊና እሱን አምጪው። ምጥ እስኪመጣ ከእሱ ሌላ እንዳትነኪ።

ቤዛዊት፦ እፈራለሁ እማ።

ዘርትሁን፦ እኔም እፈራለሁ። እየፈራን እንሄዳለን።