ለዱሩ የሚመለስ ዕቃ

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ከደብረ ታቦር ገበያ ወደ ጋፋት ስመለስ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወንዝ የምትሻገር ወጣት አገኘሁ። ትርንጎ ትባላለች። ስለ ደን የተማረች፣ ሰው ከዱር የሚያገኘውን ጥቅም እየጠየቀች እንድትመዘግብ ከመሥሪያ ቤት የተላከች ናት።

«ምነው ተቻኮልሽ?» አልኋት።

«ሰኞ የገበሬ ማኅበራችሁ ይሰበሰባል። የጅብ ዋሻ ዱር ተመንጥሮ እርሻ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ጥቅሙ ተጽፎ ካልቀረበ አለቀለት።»

«እንግዲያው ጻፊ! የዚያ ዱር ንብ በግ ያህላል። አምና ሁለቱን ጠምደን ስናርስባቸው ከረምን።»

ብዕሯን አላነሳችም። «ውሸት የገባበት ቁጥር ዱሩን አያድነውም። ውሸቱ ሲጋለጥ እውነቱም አብሮ ይጣላል» አለች። አፈርሁ ልበል? ጥቂት።

ወደ አያ ዘውገ ቤት ወሰድኋት። በስብሰባ የሚጸናው እሳቸው ያሉት ነው። ዱካቸው በምትባል የእንጨት መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው፣ የወይራ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀበሉን።

«አባቴ፣ ከዱሩ በዓመት ምን ያገኛሉ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«እኔ የምበላው ከማሳዬ ነው ልጄ። ዱር የጅብና የዝንጀሮ ነው። ደግሞስ የተቆጠረ ነገር መቼ ይበረክታል? ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር ወረደ። ወይስ ግብር ልትጨምሩብን ነው?»

«ይህ ወረቀት ለግብር አይደለም፤ ስምዎም አይጻፍበትም። ዳዊት የቆጠረው ለኩራት ነው። ኖኅስ? መርከቡን ክንድ በክንድ ለክቶ አይደል የዳነው? ያውም በእንጨት።»

አያ ዘውገ ጢማቸውን ዳሰሱ። ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸውና መልሱ ሳይጥማቸው አልቀረም። ግን አንዴ «ምንም» ብለዋል፤ እንዴት ይመለሱ!

አንባቢ ሆይ፣ የአገራችን ሰው ልማዱ ይህ ነው፤ ያልገዛውን ነገር እንዳገኘው አይቆጥረውም። የአሞሌ ጨው ዋጋ ቢጠየቅ ከነአምናው ይነግርሃል፤ በነጻ የመጣ ምሰሶ ግን ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል።

እኔም ተነሣሁ። «አያ ዘውገ፣ ከዱሩ ምንም ካላገኙ የሰው ዕቃ ቤትዎ ምን ይሠራል? የዱሩን ለዱሩ ልመልስለት» ብዬ ዱላቸውን ወሰድሁ። ቀጥዬ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ቀፎውን ደጅ ከመርሁ።

«ኧረ ሙቀጫዬን! እጅህ ይሰበርና!» አሉ ባለቤታቸው፣ እቴነሽ።

«ሙቀጫው ዋንዛ ነው። ዘመዶቹ ዱር ናቸው፣ ናፍቀውታል።»

ዱካውን ስስበው አያ ዘውገ መሬት ላይ ዱብ አሉ። ምሰሶውን አቅፌ ብታገል፣ «ቤቴን ሊያፈርሰው ነው!» ብለው ጮኹ።

ትርንጎ አልሳቀችም። ሞፈሩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ቀፎው ምን ያህል ማር እንደሚሰጥ ጠየቀች። እሳቸውም መሬት እንደ ተቀመጡ መለሱ፤ ሞፈር በሦስት ዓመት አንዴ ይቀየራል፣ ማሩ በደግ ዓመት አንድ ጉንዶ ይሞላል። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣

«እመቤቴን ጽፈሻታል?» አሉ።

«ማን ናት?»

«ከታች ያለችው መበለት። ልጅ የላትም፣ በሬ የላትም። የደረቀ ጭራሮ ለቅማ እየሸጠች ነው የምታድረው። ዱሩ ቢመነጠር ማን ሊጦራት ነው? እኔ? ምንጩስ? ግንቦት ሌላው ሁሉ ሲነጥፍ ከዱሩ ሥር ያለው አይደርቅም።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለካ ዱሩ አብሮን ሲያርስ፣ ሲጦር ኖሯል። ስሙን ያላነሣነው እኛ ነን። ጻፊ ልጄ። አንድም አትጨምሪ፣ አንድም አታስቀሪ።»

ሰኞ ወረቀቱ ተነበበ፤ አያ ዘውገም ቆመው መሰከሩ። ዱሩ ከምንጠራ ዳነ። እርጥቡን ዛፍ ያለ ፈቃድ የቆረጠ እንዲቀጣ፣ ደረቁ ለድሃ እንዲተው፣ ለሞፈር አንድ የቆረጠ ሁለት እንዲተክል ተወሰነ። እመቤቴም ጭራሮዋን ትለቅማለች፤ በየግንቦቱ ወደ ምንጩ የወረደ እንስራ ባዶውን አይመለስም። ያለውን ያወቀ ይጠብቀዋል፤ ያላወቀ በገዛ እጁ ይመነጥረዋል።

ዕቃውን ደጅ በከመርሁበት ዕለት ግን፣ ሁሉን መልሼ ሳበቃ፣ አያ ዘውገ ዱላቸውን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና፣

«ልጄ፣ ይህችንስ ጽፈሻታል?» አሉ።

«አዎ አባቴ፣ መደገፊያ ብዬ።»

«ሌላም ጥቅም አላት፤ አሁን ታያለሽ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

በግ የሚያህለው ንብ ቢከተለኝ እንኳ አይደርስብኝም ነበር።