የቅርጫው ግቢ

እኛ ከተማ ቆሰበር፣ የሰፈሩ የፋሲካ ቅርጫ በሬ የሚታረደው ሁልጊዜ እኔ ግቢ ነው፤ ሰፊ ነዋ! ባሌ እያለ በዓል በመጣ ቁጥር «እስቲ አንዱን ዓመት እንኳ አርፌ ልዋል» እያልኩ ስነጫነጭበት ኖሬያለሁ። ዘንድሮ እሱ በሕይወት የለም። በሬው ግን እንደ ወትሮው በጠዋት መጣ። መጥረቢያ አቀበልኩ፣ ውሃ አመላለስኩ፣ ሥጋው የሚመደብበትን ኮባ ከጓሮ ቆርጬ አነጠፍኩ። ዕጣ ወጣ። ሁሉም መደብ መደቡን እየያዘ ሲወጣ ብጠብቅ ብጠብቅ የኔ ስም አልተጠራም።

«አያ ጥላሁን፣ የኔ መደብ የታለ?» አልኳቸው የቅርጫውን አለቃ።

ጎንበስ ብለው ቢላዋቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ባልሽም የለ፣ ብቻሽን ምን ታደርጊዋለሽ ብለን ነው። ዘንድሮ እንኳ አረፍ በይበት፣ እህቴ።»

ስንት ዓመት የለመንኩት እረፍት ይኸው ተሰጠኝ! ከነደሙ፣ ከነፈርሱ፣ ከነዝንቡ። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በሩ ላይ ዞር ብለው «ለእንቁጣጣሽም እዚሁ ነን፣ አደራ» አሉኝ።

«አይ አያ ጥላሁን» አልኳቸው፣ «ግቢውም እንደኔው ጌታው ሞቶበታል። እሱም ይረፍበት።»