እንባ የሌለው ለቅሶ

ባለፈው ጥር ሱዳን ውስጥ ወደ ከሰላ ስሄድ አውቶቡሱ ሾዋክ ከተማ ላይ ቆመ፤ ስወርድ አያ ጓንጉልን አገኘኋቸው። እኒህ የመተማ ሰው ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው ገዳሪፍ ከቀሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እዚያው ተወልዳ የተማረችው የልጅ ልጃቸው ማኅደር አብራቸው ነበረች። የባለቤታቸው የእትዬ ዙፋን አርባ ገና አልወጣም።

«ወዴት ነው አያ ጓንጉል?»

«ቤት ፍለጋ ነው ልጄ። ከዚያ ሰፈር ልወጣ ነው።»

«መቃብራቸውን ትተው?»

«እሱማ አንጀቴን እየበላው ነው። ግን ከሱዳናዊው ከያዕቁብ ጋር አጥር ለአጥር መኖር አልችልም። ስንቴ ከዙፋን እጅ የበላ ጎረቤት፣ ስትሞት መጥቶ መዳፉን ዘረጋ፣ ፊቱን አበሰ፣ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ። አንዲት ዘለላ እንባ የለ! አገሯ ብትሆን ስንቱ ደረቱን ይደቃላት፣ ስንቷ ሙሾ ታወርድላት ነበር! እዚህ እንደ ባዳ ተቀበረች።»

ማኅደር አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸውና፣ «አባባ፣ አይቆጡኝ እንጂ ልናገር። መዳፉን ሲዘረጋ የቁርኣኑን ፋቲሃ ብሎ ለእማማ መጸለዩ ነበር። በእነሱ ዘንድ ጮኾ ማልቀስ በፈጣሪ ሥራ ማማረር ነው» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«በእጁ ነግሮዎት ነበር። ሐዘንተኛው ደግሞ መዳፉን ዘርግቶ ይመልሳል። እርስዎ እጅዎን ከጋቢዎ ሳያወጡ ዝም አሉት። ‹ምን በድዬው ነው ለቅሶዬን ያልተቀበለኝ?› እያለ ሲጨነቅ እንደሰነበተ ልጁ ሉብና ነግራኛለች።»

አያ ጓንጉል ደነገጡ። ቢሆንም፣ «በስተርጅና የሰው ሥርዓት ልያዝ? ሃይማኖቴስ?» አሉ።

«ትርጉሙን ይወቁለት እንጂ ይያዙት አላልኩም። እርሱም በሌላ ለቅሶ የእኛን ሙሾ ሲሰማ ግራ ገብቶት ጠይቆኛል፤ ነግሬው ገብቶታል።»

እኔም፣ «ዐረብኛውን እንደ ውኃ ይጠጡታል አያ ጓንጉል። የሰው ዝምታ ግን ሌላ ቋንቋ ነው፤ ካልጠየቁ አይታወቅም» አልኳቸው።

እርሳቸውም ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ «እንመለስ» አሉ። እኔም መንገዴን ትቼ እስከ ገዳሪፍ ተከተልኳቸው።

ያዕቁብ ደጁ ላይ ነበር። አያ ጓንጉል ቃል ሳይተነፍሱ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ እርሱም ዘረጋ። ከዚያ በዐረብኛ፣ «ዙፋን ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ እንዴት አደርክ ትለኝ ነበር። ካረፈች ወዲህ በአጥሩ በኩል ባለው በር አልወጣም» አላቸው።

ይህን ሲሰሙ አያ ጓንጉል እንደ አገራቸው ወግ ጮኸው አለቀሱ። ያዕቁብም ዝም በሉ አላላቸውም፤ እስኪወጣላቸው ድረስ ትከሻቸውን ይዞ ቆመ።

ቤቱን አልለቀቁም። ዛሬ ከመተማ ለሚመጡ አዲስ ሠራተኞች፣ «ሰውን ጨካኝ ከማለታችሁ በፊት በአገሩ እንዴት እንደሚያዝን ጠይቁ፤ እኔ ሳልጠይቅ ወንድም ላጣ ነበር» ይሏቸዋል። በቅርቡ፣ አገር ቤት መግባት አምሯቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«መተማማ ሁልጊዜ ይናፍቀኛል» አሉኝ። «ግን እዚያ ብሄድ ዙፋንን ከማን ጋር አነሣታለሁ?»