ግራሩ ሥር የፈሰሰው ዘይት

አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡትን ጎረቤቴን ጋሽ በለጠን ልጠይቅ እንደገባሁ፣ መልካ ወረር እርሻ ምርምር የምትሠራው ከውሰርም በአጋጣሚ ደረሰች። የጋሽ በለጠ የሥራ ባልደረባ የነበሩት የሟቹ የጁነዲን ልጅ ናት።

ሽማግሌው ከጋራዥ ያመጡትን የተቃጠለ ዘይት ግራራቸው ሥር ያንቆረቁራሉ። ዛፉ ግማሽ ጎኑ ደርቋል። ወገባቸውን የታመሙት ባለቤታቸው እትዬ ባይሽ ቀኑን የሚውሉት አልጋቸው ወጥቶላቸው በዚያ ዛፍ ጥላ ነው። በዚህ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መተኛት መጠበስ ነው።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች ከውሰር፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ።

«ሥሩን ሻጋታ ይዞታል፣ ልጄ። ስቆፍር ነጭ ክር የመሰለ ነገር አገኘሁ። እኛ የሐዲድ ሰዎች ምስጡንም ሻጋታውንም በዘይት ነው የምንገላገለው። ይኸው ከክረምት ጀምሮ አፈሳለሁ፤ እሱ ግን ባሰበት።»

«እሱ ክር እኮ ጠላቱ አይደለም፣ አባባ። የእንጉዳይ ወገን ነው። ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ውሃና ምግብ ያመጣለታል፤ ዛፉ ደግሞ ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል። ካዩት ክር በዓይን የማይታየው ይበልጣል።»

«ተምራችሁ ተምራችሁ ሻጋታ ዛፍ ይቀልባል ልትሉን ነው? እኔ የማውቀው እንጀራ ሲያበላሽ ነው።»

«እንጀራው በድን ነው፤ ሥሩ ግን ሕይወት አለው። የሚያበሰብስ ፈንገስ አለ፣ የሚያኖርም አለ። ዘይቱ ይህን አይለይም፤ ሥሩንም አብሮ ይመርዛል።»

እውነቱን ለመናገር የእኛ ሰው ክፋት የለበትም። ችግሩ የማያውቀውን ሁሉ ቶሎ ጠላት ማድረጉ ነው፤ ስንት ደግ ነገር በዚህ አጥተናል።

ጋሽ በለጠ ጀሪካኑን አስቀመጡ። «ይድናል?»

ከውሰር ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቀችና አንገቷን ደፋች። «አልዋሽዎትም፣ ይሄኛው አይድንም። ግን ዘይቱ ካልነካው ቦታ አዲስ ችግኝ እንተክላለን፣ ኢንሻአላህ። ከጤነኛ ግራር ሥር አፈር ዘግነን ጉድጓዱ ውስጥ እንጨምርለታለን፤ ክሩ አብሮ ይመጣል። ያኔ ችግኙ ድርቁን ይችላል፣ ብዙ ውሃም አይጠይቅዎትም፣ አፈሩንም ንፋስ አይወስደውም።»

«ለጥላ መቼ ይደርሳል?»

«ዓመታት ይፈልጋል፣ አባባ።»

ሽማግሌው ወደ አልጋው ዞሩ። «ለባይሽ አይደርስማ። በገዛ እጄ ጥላዋን ገፈፍኳት። ምነው ቀድሜ ሰው ጠይቄ ቢሆን።»

እትዬ ባይሽ ሁሉንም ሰምተዋል። «ትከለው እንጂ፣ በለጠ» አሉ ከተኙበት፤ «ፀሐዩ የሚያቃጥለው እኔን ብቻ ነው እንዴ?»

ጋሽ በለጠ አካፋውን አነሱና አፈሩን ከየት እንደምናመጣ ከውሰርን ጠየቋት።