የምርቃቱ ፍየል

ከካንጋተን ወደ ጂንካ ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ነጋዴና አንድ የኛንጋቶም ብሔረሰብ ሽማግሌ ወሬ ጀመሩ።

«አባባ፣ ጂንካ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«መንደራችን የተተከለው የኔትወርክ ታወር አይሠራም። የመረቀው ሹም ጋ ነው የምሄደው።»

«ይህን ሁሉ መንገድ? አይደውሉለትም?»

«በምን ኔትወርክ?»

ሴትየዋ ሳቀች።

«እናንተ የፍየል አንጀት አንብባችሁ የሚመጣውን ታውቃላችሁ ይባል የለ እንዴ?»

«በምርቃቱ ቀን ለእንግዶቹ ያረድነውን ፍየል አንጀት አንብበናል እንጂ! አንጀቱ ‹አይሠራም› አለ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?»

«ሹሙ ንግግሩን ሲጨርስ ታወሩን የተከለው ኩባንያ ሰው ቀጠለ፤ ያ ሲጨርስ ሥጋውን በልተው ሄዱ። ማን ጠየቀን?»

«ዛሬስ ቢጠይቁዎት ምን ይሏቸዋል?»

«ምንም። ሌላ ፍየል ጣሪያው ላይ ጭኛለሁ፤ ራሳቸው ያንብቡ።»

ፍየሉ ከላያችን ሲጮህ፣ ኔትወርክ ስፈልግበት የቆየሁትን ስልክ ኪሴ ከተትኩት።