የአቶ አምሐ ሱሪ ኪስና የታጠፈው ስልክ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ውብነሽ ማሞ ገብሬ
ዕድሜ፦ 44 ዓመት
የጋብቻ ሁኔታ፦ የፈታች
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች በሚወስደው መንገድ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡15 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለችው፦ ሳጅን ምስጢር ሁንዴሳ
ጉዳዩ፦ ያገለገለ ስልክ አዲስ ነው ብሎ በመሸጥ የቀረበ አቤቱታ
አቤት ባይ፦ አቶ አምሐ ለሜሳ
ተጠርጣሪ፦ ኢስማኢል ሸምሱ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝና ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሱቄን ቆልፌ በራሴ እግር ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪው ኢስማኢል ጎረቤቴ ነው። የእሱ የሞባይል ሱቅና የእኔ ልብስ ስፌት የሚለያዩት በአንድ የላሜራ ግድግዳ ነው፤ እሱ ወዲያ ሲያስነጥስ እኔ ወዲህ ይማርህ እላለሁ። ከአቤት ባዩ ከአቶ አምሐ ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። ሌላ ነገር አለ ወይ ለተባለው ወደ ታች እናገራለሁ። አቶ አምሐን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን ቃሌ እንዲያጥርልኝ እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አቶ አምሐ የሴራሚክ ንጣፍ ባለሙያ ነው። የማውቀው ከዛሬ አራት ዓመት ጀምሮ ሲሆን፣ መጀመሪያ የመጣው ሚስቱ ባረፈች ማግስት፣ ለሠልስት የሚለብሰውን ጥቁር ሱሪ ሊያሳጥር ነው። እኔ ተንበርክኬ እግሩ ሥር መርፌ ቁልፍ ስሰካ እሱ ቆሞ ድምፅ ሳያሰማ ያለቅስ ነበር። እንዳላየ ሆኜ ሥራዬን ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሲንበረከክ ስለሚውል የሱሪው ጉልበት ቶሎ ቶሎ ያልቅበታልና እኔ ዘንድ እየመጣ ያስጠግናል።

በእኛ ሙያ የቆየ ብልጠት አለ። ደንበኛው ደግሞ እንዲመጣ ከተፈለገ ሥራው ባንድ ጊዜ አያልቅም፤ “ነገ ይለካል” ይባላል። እኔ በዚህ አልታማም፤ ቀጠሮ የማከብር ሰው መሆኔን ሰፈሩ ይመሰክራል። ለአቶ አምሐ ብቻ ግን አራት ዓመት ሙሉ “ነገ” ስል ኖሬአለሁ። ለአንድ ጉልበት ሦስት ቀን ያመላለስኩት ጊዜ አለ፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለኝም።

ስልኩ የተገዛው ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። አቶ አምሐ እስከዚያ ድረስ ይይዝ የነበረው ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ነበር። አሁን ግን ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ከመዋዋላቸው በፊት የሠራኸውን ፎቶ አሳየን እያሉ ስላስቸገሩት ትልቅ ስልክ ፈለገ። ኢስማኢል ከመደርደሪያው አንድ ስስ ስልክ አወረደና “ጋሼ፣ ይሄ የዘንድሮ ነው፤ ኪስዎ ውስጥ መኖሩን ራሱ ይረሱታል” አለው። የካርቶኑን ላስቲክ የሚቀድበት ስላጣ መቀስ እንዳውሰው በግድግዳው በኩል ተጣራ። መቀሴን ለሰው ስለማልሰጥ ራሴ ሄጄ ላስቲኩን በእጄ ቆረጥኩ። ስለዚህ ስልኩ ከነእሽጉ የነበረ አዲስ ዕቃ መሆኑን ዓይኔ አይቷል።

አቶ አምሐ ስልኩን አውጥቶ “ወይዘሮ ውብነሽ፣ እስቲ እርስዎም ይያዙት” ብሎ ሰጠኝ። ከመዳፌ ይሰፋል፤ ውፍረቱ ግን ከአንድ ብስኩት አይበልጥም። መልሼ ስሰጠው ጣቱ ጣቴን ነካ። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም።

ስለ ኪስ ከተጠየቅሁ የማውቀውን እናገራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሱሪ ሰፍቻለሁ። ድሮ የወንድ ኪስ ከስንዝር ትንሽ ካለፈ ይበቃ ነበር፤ ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ዝርዝር፣ አለቀ። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ ኪሴ ተቀደደ፣ ስልኬ ወደቀ እያለ ነው የሚመጣው። ስልኩ በየዓመቱ ይረዝማል፣ በየዓመቱ ይቀጥናል፤ የሰው ጭን ግን የሚታጠፈው እዚያው የዱሮው ቦታ ላይ ነው። እነዚህን ስልኮች የሚሠሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውሉ እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቶ አምሐ ሦስት የሥራ ሱሪዎች ይዞ መጣ። ስልኩ ከኪሱ ግማሹ ወደ ውጭ እንደሚቀር፣ ሲንበረከክም እየተንሸራተተ ሲሚንቶ ባልዲ ውስጥ ሊገባ ለትንሽ መትረፉን ነገረኝ። “ኪሱን ጠለቅ አድርገው ይስፉልኝ፤ መቼም እርስዎ ያውቁበታል” አለ። ለረቡዕ ቀጠርኩት።

ረቡዕ ጥቅምት 26 ቀን አንደኛውን ሱሪ አስለብሼ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሥራ ላይ እንደሚሆነው እንዲንበረከክ አዘዝኩት። ተንበረከከ። በጨርቁ ላይ እጄን አድርጌ ስዳስስ የስልኩ ወገብ ልክ ጭኑ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አርፏል። ሥጋው ከታች ይገፋዋል፣ ሱሪው ከላይ ይጫነዋል። “አያምዎትም?” ብዬ ብጠይቀው “ኧረ ምንም አይል” አለ።

መፍትሔውን አውቀው ነበር። ኪሱን ከፊት ትቶ በጎን በኩል፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ ባለ ክዳንና ባለ ቁልፍ አድርጎ መስፋት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሰውነት አይታጠፍም። ይህንኑ ለአንድ ሞተረኛ ሰፍቼለት ነበር። ኪሱ ተስማምቶት መሰለኝ፣ ስድስት ወር ሆነው፣ ደግሞ አልመጣም። እጄን የአቶ አምሐ ጭን ላይ እንዳደረግሁ ትዝ ያለኝ ያ ሞተረኛ ነው። ለዚህም እንደዚያ ከሰፋሁለት እንደዚያው ሳይመለስ ይቀርብኛል ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህ እያወቅሁ የፊቱን ኪስ በሦስቱም ሱሪ ላይ አጥልቄ ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን አስረከብኩ። ስሌቴ እንዲህ ነበር፤ በሁለት በሦስት ቀን ይቆረቁረዋል፣ ይመለሳል፣ እኔም እተረትረውና “ነገ ይለካል” እለዋለሁ። አንድ ሳምንት አገኛለሁ ብዬ ነው። ጭኑ ይቆጣል እንጂ ስልኩ ይታጠፋል ብዬ አላሰብኩም። ስልክ ብረት መስሎኝ ነበር።

አልተመለሰም። ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላውም ተጀመረ። በየቀኑ ወደ 11 ሰዓት ላይ የስፌት መኪናዬን ወደ በሩ አዙሬ ስሰፋ፣ አቧራ የለበሰ ጫማ ባለፈ ቁጥር ቀና ስል መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቴን ወግቶኛል። በዚህ ዕድሜዬ መንገድ መንገድ ማየቴ ራሴንም አሳፍሮኛል። ናፈቀኝ የሚለው ቃል ፖሊስ ጣቢያ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ናፍቆኝ ነበር፣ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ትናንት ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን ከጠዋቱ 2፡30 ላይ በግድግዳው በኩል ድምፁን ሰማሁ። ደስ ብሎኝ ሻርፔን አስተካክዬ ወጣሁ። አቶ አምሐ ግን የኢስማኢል ባንኮኒ ፊት ቆሞ ነበር። በዋዜማው ላፍቶ አንድ ሕንፃ ላይ መታጠቢያ ቤት ሲያነጥፍ ከጠዋት እስከ ምሳ ተንበርክኮ ቆይቶ፣ ስልኩን ሲያወጣው ታጥፎ፣ የመስታወቱም ግማሽ ጠቁሮ እንዳገኘው ይናገር ነበር። ኢስማኢል ስልኩን ባንኮኒው ላይ ሲያጋድመው መሐሉ ጎብጦ ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ።

ኢስማኢል “ጋሼ፣ ተቀምጠውበት ነው” አለ። አቶ አምሐ “አልተቀመጥኩበትም፣ ቀድሞም ሰው ተጠቅሞበት የላላ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ” አለው። ያኔ ኢስማኢል የሱሪውን ኪስ አየና “እንደዚህ ጠልቆ ከተሰፋማ ለምን አይታጠፍ? ኪሱ ነው!” አለ። ልጁ እውነቱን ነው የተናገረው። አቶ አምሐ ጮኾ አያውቅም፤ በዚህች ቃል ግን ጮኸ። “የእርሳቸውን ሥራ እንዳትነካ! ይህን ኪስ ወይዘሮ ውብነሽ ናቸው በእጃቸው የሰፉልኝ! ስንት ቀን የለፉበት ነው!” አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “ኪሱ ነው እንዴ፣ ወይዘሮ ውብነሽ?” ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም “ስለ ስልክ እኔ ምን አውቄ” አልኩ።

ይህን እንዳልኩ አቶ አምሐ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልሎ ወደዚህ ጣቢያ ሄደ። ሲራመድ ግራ እግሩን ጎተት ያደርግ ነበር። እንግዲህ ኪሱ ጭኑን ሲልጠው ሰንብቷል፤ ግን እኔ ስለደከምኩበት ይሉኝታ ይዞት ተመልሼ ላስቸግራቸው አላለም። የእኔ ስሌት ያላስገባው ይሉኝታውን ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ኢስማኢልን ይዘውት ሄዱ።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ እናቱ ወ/ሮ ሙፊዳ እኔ ሱቅ መጥታ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሙፊዳና እኔ አሥራ አምስት ዓመት ተጎራብተናል፤ ረመዳን ሲሆን የኢፍጣር ሳህኗ እኔን አልፎ አያውቅም። “ውቤ፣ ልጄ ሌባ ነው?” አለችኝ። አይደለም አልኳት። “ካወቅሽ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?” አለች። ከዚህ በላይ አልጨቀጨቀችኝም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ሱቄን ያለ ሰዓቴ ዘጋሁ።

ስለዚህ ስልኩ አዲስ እንደነበር፣ አቶ አምሐ እንዳልተቀመጠበት፣ ኢስማኢልም እንዳላታለለው እመሰክራለሁ። ኢስማኢል ያጠፋው ነገር ቢኖር ኪስዎ ውስጥ መኖሩን ይረሱታል ማለቱ ነው፤ እሱም የነጋዴ ወግ ነው። በሙያዬ ከተጠየቅሁ፣ እንዲህ ያለ ትልቅና ስስ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለሚውል ሰው ይሆን ይሆናል፤ ተንበርክኮ ለሚውል ሰው የፊት ኪስ ግን አይሆንም። ይህን እያወቅሁ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጁ ይለቀቅ፤ የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።

ሳጅን ምስጢር ትናንት ፊት ለፊት ስትጠየቂ ለምን አልተናገርሽም ብላ ጠይቃኛለች። ኪሱ ነው ካልኩ ዳግመኛ ሱሪ አያመጣልኝም ብዬ ፈርቼ ነው። እወደዋለሁ። አራት ዓመት ሜትሬን ወገቡ ላይ ጠምጥሜ ቁጥር ብቻ ስነግረው ኖርኩ እንጂ ይህን አልነገርኩትም።

ሳጅን ምስጢር እዚህ ላይ ስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ይህ የመጨረሻው የግል ጉዳይ ስለሆነ ለምርመራው አያስፈልግም፣ ከፈለግሽ እሰርዘዋለሁ አለችኝ። ቃሌ ለአቤት ባዩ ይነበብለት እንደሆነ ጠየቅሁ። ከሰዓት በኋላ ተጠርቶ ይነበብለታል አለችኝ።

እንግዲያው አይሰረዝ ብያለሁ።

ይህ ቃል ተጽፎ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኛል። ያልነበረ ነገር አልጨመርኩም፤ የደበቅሁት ነበር፣ እሱም ወጥቷል። እውነት ለመሆኑ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ውብነሽ ማሞ
ቃሉን የተቀበለችው ፖሊስ ፊርማ፦ ሳጅን ምስጢር ሁንዴሳ