ልብስ ሰፊው እና ከኦቭን የወጣው ፈላፍል

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ በምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ሽማግሌው ጎረቤቴ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መርፌ» የሚላቸው ሰው ናቸው። አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው መንገድ ዳር የሚሸጠው ፈላፍል የሚባል የሽምብራ ጥብስ ያለበት፣ ዘይት ያራሰው የወረቀት ከረጢት ይዘዋል።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ መምህር። ደረጃው ነው እንጂ ሰሞኑን ቁመት የጨመረው።»

ቀልዳቸው አላሳቀኝም፤ ላብ አጥምቋቸዋል። ደግፌ ወደ ቤታቸው አወጣኋቸው።

በሩን የከፈተችልን የወንድማቸው ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ እሳቸው ዘንድ ያደገች፣ የሥነ ምግብ ትምህርቷን ጨርሳ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ወጣት ነች። ከረጢቱን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አጎቴ፣ ዛሬም? የደም ግፊትዎም የደም ቅባትዎም ጨምሯል፣ በዘይት የተጠበሰ ነገር ይቀንሱ ብለው ሐኪሙ አልመከሩዎትም?»

«ሐኪም የማይለው አለ? እኔ ጮማ አልቆረጥኩም። የበላሁት ሽምብራ ነው! ሽምብራ መቼ ሰው ገድሎ ያውቃል?»

«ሽምብራውማ ምን በወጣው! ጥፋቱ ያለው ጠዋት ፈልቶ፣ ከሰዓትም በዚያው ተመልሶ በሚፈላው ዘይት ነው። ጨውም ይበዛበታል። እርስዎ ደግሞ በየቀኑ ስምንት ፍሬ...»

«ሰባት!» አሉ ቆጣ ብለው። «አንዱ የድመቷ ነው።»

እኔም ልጅቷም ሳቃችን አመለጠን። እሷ ግን ነገሩን አልለቀቀችም። «እኔ ቤት ውስጥ ልሥራልዎ፤ በኦቭን የተጋገረ።»

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ! ዘይት ያልነካው ፈላፍልማ ገበር የሌለው ኮት ነው።»

ሰው የለመደውን ምግብ ሲነኩበት ርስቱን የነኩበት ያህል እንደሚቆጣ አውቃለሁና ለስለስ ብዬ ገባሁበት። «ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንድ ቀን ቢቀምሱ ምን ይጎዳዎታል?»

ጥቂት አሰቡና፣ «ደግ፤ ቅዳሜ ለምሳ ይሁን፤ መምህርም ይምጡ። ካልጣመኝ ግን ልጄ፣ ሁለተኛ ስለ ሆዴ እንዳታነሺብኝ» አሉ። እሷም ተስማማች።

ቅዳሜ ስመጣ ከኦቭኑ የወጣው ትሪ የሚያሳዝን ነበር። ፈላፍሉ ተፈርፍሮ አሸዋ መስሏል። ጋሽ መርፌ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና፣ «ይህ በማንኪያ ነው ወይስ በመጥረጊያ የሚነሳው?» ብለው ሳቁ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «አባቴን በዚሁ በደም ግፊት ቀበርኩት» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ሌላ ማን አለኝ? አብልጬ ላውቅብዎት ብዬ አይደለም አጎቴ፤ እንዳላጣዎት ፈርቼ ነው።»

የሽማግሌው ሳቅ ከፊታቸው ጠፋ። ተነስተው ወደ ማዕድ ቤት ገቡ።

«ሽምብራውን ምን አደረግሽው?»

«ቶሎ እንዲደርስ ብዬ ቀቀልኩት።»

«ታዲያ እንዴት ይያዝ? ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ ቀቅላው አታውቅም። ደረቁን ከዋዜማው ትዘፈዝፈው ነበር። በማግስቱ አጥልላ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ እንደ ዱቄት ሳታልመው ትፈጨው ነበር። በይ፣ አሁኑኑ ዘፍዝፊ፤ ነገ አብረን እንሠራለን።»

የተማረችው ከአረጀው፣ ያረጀውም ከተማረችው የሚወስዱት እንዳለ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ሦስታችንም ማዕድ ቤት ገባን። እኔ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ላጥኩ። እሷ ከፐርሰሜሎ፣ ከድንብላል ቅጠልና ከከሙን ጋር ሽምብራውን ፈጨች፤ ጨው ቆንጠር አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ አሳረፈችው። ጋሽ መርፌ በእነዚያ ክር በለመዱ ጣቶቻቸው እያድበለበሉ ጠፍጠፍ አደረጉት፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፣ የአንድ ካፖርት ቁልፎች ይመስሉ ነበር። ልጅቷ ላዩን ዘይት በብሩሽ ቀብታ በጋለው ኦቭን ከተተችው፤ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ገለበጠችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲወጣ ቡናማ ሆኖ፣ መዓዛው ቤቱን አውዶት ነበር።

ከቲማቲም፣ ከኪያርና ከእርጎ ጋር ቀረበ። ጋሽ መርፌ አንዱን ገመጡ፤ ቀጭ ሲል ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። ውስጡ አረንጓዴና ለስላሳ ነው። ሁለተኛውን ደገሙ።

«ዘይቱ ምን ያህል ነው?»

«ለሙሉው ትሪ ሁለት ማንኪያ።»

«ሁለት ማንኪያ!» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ። «ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ፈላፍል ስበላ ነው ወይስ ዘይት ስጠጣ የኖርኩት?»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሑድ ትሪው አይቀርም፤ የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ሲርባቸው ሁለት ሦስት ፍሬ አሙቀው ከአትክልት ጋር ይበላሉ። ሽምብራ ገንቢ ነው፤ ቃጫ መሳዩ አሰሩ ደግሞ ሰው ቶሎ እንዲርበው አያደርግም። በገዛ ቤት የተሠራ እንደሆነ የዘይቱም የጨውም ልክ በገዛ እጅ ነው። የለመዱትን ጣዕም እርግፍ አድርገው መተው አላስፈለጋቸውም፤ የለወጡት አሠራሩን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ወር ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ አብሬያቸው ነበርኩ። መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ የደም ግፊታቸው ግን ወርዷል። ሐኪሙም፣ «ምን ቢያደርጉ ነው? በርቱ» ብለዋቸዋል። ቤት ስንደርስ የወንድማቸው ልጅ ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብላ አነበበችና ዕንባዋ መጣ።

ጋሽ መርፌ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ ሰው ማመስገን ብዙም አልችልበትም። ልብስ ሰፍቼ፣ ‹በደስታ ልበሰው› ብዬ ነው የኖርኩት። እልኸኛ ሆኜ አስቸገርኩሽ፤ አንቺ ግን አልተውሽኝም። ዕድሜ ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ።»

«አሜን አጎቴ። የእርስዎን ደግነት መቼ ከፍዬ እጨርሳለሁ!»

እሳቸውም ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ልክ አንድ ትልቅ ሰው ወደ ቤታቸው እንደገባ። ታናሽ ለታላቅ ሲነሳ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። ታላቅ ለታናሽ ከልቡ ተነስቶ ሲያመሰግን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።